ስምንተኛው ክፍልና የተሸሸገው መዝገብ

በቦስተን ከተማ በሚገኝ አንድ ታላቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ ጤነኛ የሆነች አንዲት ወጣት ሴት ለአጭርና ለተለመደ ቀዶ ጥገና ትተኛለች። ሐኪሞቹ ስለ ልዩ ልዩ ነገር እየተነጋገሩ እጃቸው የለመደውን ሥራ ይሠራሉ፤ የሰመመኑ ሐኪም ከራስጌዋ ተቀምጦ የልቧን ምትና የደሟን ግፊት ይከታተላል፤ ደሟ ቀይ፣ ገላዋም የደመቀ ነው። ሥራው ያለ አንዳች እንከን ተፈጽሞ የመንቃቷ ሰዓት በደረሰ ጊዜ ግን አትነቃም፤ የሰመመኑ ሐኪም ሽፋሽፍቷን ገልጦ ሲመለከት የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ለብርሃን የማይመልስ ሆኖ ያገኘዋል። ልቧ እየመታ፣ ሳንባዋም በመሣሪያ እየተነፈሰ፣ አእምሮዋ ላይመለስ ሄዷል።

ይህ ትርኢት የሚገኘው ማይክል ክራይተን ጽፎና አዘጋጅቶ በ1978 ዓ.ም. ለተመልካች ባቀረበው «ኮማ» በተሰኘው ፊልም ውስጥ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፊልሙ መሠረት ሮቢን ኩክ የተባለው ደራሲ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1977 ያሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ኩክ የዓይን ሐኪም፣ ክራይተንም በ1969 ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቆ ወደ ድርሰት ያዘነበለ ሰው ስለ ነበሩ፣ ሥራው ሆስፒታልን ከደጅ ቆመው የሚያዩ ሰዎች ሥራ አይደለም። በውስጡ የኖሩ፣ ሌሊቱን ያደሩበት፣ የባለመዓርጎቹን ክብርና የበታቾቹን ዝምታ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች የሠሩት በመሆኑ፣ ስለ ሕክምና ሥልጣንና ስለ ሕሙማን መብት የሚያነሣው ጥያቄ ፊልሙ ከተሠራ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላም ተመልካቹን ይዞ ያስጨንቃል።

የታሪኩ ባለቤት ዶክተር ሱዛን ዊለር የተባለች ወጣት የቀዶ ጥገና ሬዚደንት ናት፤ የምትጫወተውም ካናዳዊቱ ተዋናይት ጄኔቪየቭ ቡዦ ናት። ከቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ሳትነቃ የቀረችው ሴት የልብ ጓደኛዋ ነበረች፤ ኀዘኗ ገና ሳይበርድ ደግሞ ጉልበቱን ሊታከም የገባ አንድ ጤነኛ ጎልማሳ በተመሳሳይ አኳኋን አእምሮውን ያጣል። ሱዛን በዚህ ጊዜ ከሁሉ አስቀድማ የምታደርገው መዝገብ መጠየቅ ነው፦ በዚህ ሆስፒታል ውስጥ ከሰመመን ሳይነቁ የቀሩ ሰዎች ስንት ናቸው? ዕድሜያቸው ስንት ነበር? ምን ሕመም ነበራቸው? በየትኛው ክፍል ተኙ? እያለች ትመረምራለች። የሰመመን ክፍሉ አለቃ መዝገቦቹን ይከለክላታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ኀዘን አእምሮዋን እንዳናወጠው እየነገሩ ወደ አእምሮ ሐኪም ይልኳታል፤ የምትወደው ወጣት ሐኪም፣ ማይክል ዳግላስ የሚጫወተው፣ ስለ ሹመቱ እየተጨነቀ ነገሩን እንድትተው ይመክራታል፤ የቀዶ ጥገናው ሁሉ አለቃ ዶክተር ሃሪስ፣ በሪቻርድ ዊድማርክ ግርማ የቀረበው፣ እንደ አባት እያባበለ ያረጋጋታል። እርሷ ግን አትረጋጋም፤ የምትፈልገው ማጽናኛ ሳይሆን መልስ ነውና።

በመጨረሻ መልሱ የሚገኘው በአንድ ቱቦ ላይ ነው። ምሥጢሩን ሊነግራት የቀጠራት የጥገና ሠራተኛ በኤሌክትሪክ ተገድሎ ስለ ጠበቃት፣ ብቻዋን ጫማዋን አውልቃ፣ የሆስፒታሉን የጋዝ ቱቦዎች ከምድር ቤት ጀምራ በጠባቡ መተላለፊያ መሰላል እየወጣች ስትከተል፣ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ቱቦ ወደ ስምንተኛው የቀዶ ጥገና ክፍል ሲገባ ታያለች፤ በዚያም ቱቦ አማካይነት የተመረጡት ሕሙማን በኦክስጅን ፈንታ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተነፍሱ እንደ ነበረ ትረዳለች። አእምሯቸውን ያጡት ሰዎች ደግሞ ጄፈርሰን ተቋም ወደሚባል ከከተማ ወጣ ያለ የሲሚንቶ ሕንፃ እየተላኩ፣ በዚያ በቀጭን ሽቦዎች ከጣራው ተንጠልጥለው፣ በተመጠነ ሙቀትና በቀዝቃዛ ብርሃን ውስጥ በመሣሪያ እየተጠበቁ፣ ልባቸውና ኩላሊታቸው በስልክ ብዙ ለከፈለው ሁሉ ይሸጥ ነበር። ለጎብኚዎች የሚነገረው ግን ተቋሙ የሕሙማንን እንክብካቤ ወጪ የሚቀንስ አዲስ የሕክምና ጥበብ የሚሞከርበት ቦታ መሆኑ ነበር።

ፊልሙ የፈጀው ገንዘብ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ በዚያው ዓመት የወጣው «ሱፐርማን» 55 ሚሊዮን ዶላር እንደ ፈጀ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ በሆሊውድ ሚዛን ምን ያህል አነስተኛ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ የገንዘቡ ማነስ ለፊልሙ ኃይል ሆኖለታል። ክራይተን ፍርሃትን የፈጠረው ሁላችንም ከምናውቀው ነገር፣ ከረጅም መተላለፊያ፣ ከአሳንሰር በር፣ ከምድር ቤት ቱቦ፣ ነጭ ካፖርት ከለበሰ ሰው ፈገግታ ነው። ጄሪ ጎልድስሚዝ የደረሰው ሙዚቃ እንኳ እስከ ፊልሙ አጋማሽ ድረስ አይሰማም፤ ከዚያ በፊት ያለው ድምፅ የጫማ ኮቴ፣ የመተንፈሻ መሣሪያና የሐኪሞች ተራ ወሬ ስለ ሆነ፣ ተመልካቹ ራሱን በእውነተኛ ሆስፒታል ውስጥ ያገኘዋል። ጄፈርሰን ተቋም ተብሎ የሚታየውም ሕንፃ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሌክሲንግተን ከተማ የነበረ የዜሮክስ ኩባንያ የቢሮ ሕንፃ ነው፤ ከፊቱ የቆመው ካሜራ ግንቡን አጉልቶ ከማሳየት በቀር ምንም አልጨመረበትም።

ሁለቱ ሐኪም ደራስያን የመረጡት መርዝ በዘፈቀደ የተመረጠ አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅንን ተሸክሞ ከሚዞረው ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ነው። ስለዚህ ደሙ እየዞረ፣ ልቡም እየመታ፣ አንጎል ግን በረኃብ ይሞታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በዚህ ጋዝ የተያዘ ደም እንደ ታፈነ ሰው ደም አለመጥቆሩ፣ ይልቁንም እንደ ጤነኛ ደም፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ደምቆ መቅላቱ ነው። በዚያ ዘመን የሰመመን ሐኪም ሕመምተኛው ኦክስጅን ማግኘቱን የሚያውቀው በአብዛኛው የደሙንና የገላውን ቀለም በዓይኑ እያየ ነበር፤ በጣት ላይ ተሰክቶ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው መሣሪያ ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ በ1974 መሠረቱን ቢያገኝለትም፣ በየቀዶ ጥገና ክፍሉ የተስፋፋው በ1980ዎቹ ዓመታት ነው። ይህ መሣሪያ እንኳ በተለመደው አሠራሩ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውን ደም ኦክስጅን ከጠገበው ደም ለይቶ አያውቅም። እንግዲህ በፊልሙ ውስጥ ደግ ሆኖ የሚታየው ምልክት ሁሉ የሞት ምልክት ነበረ፤ ሐኪሙ በታማኝነት ዓይኑን ቢተክልም ዓይኑ ራሱ ይዋሸው ነበር።

የታሪኩ ስፍራ ቦስተን መሆኑም ከትርኢቱ በስተጀርባ ያለውን እውነተኛ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ጥልቅ ትርጉም አለው። ጥቅምት 16 ቀን 1846 ዊልያም ሞርተን የተባለው የጥርስ ሐኪም በኤተር ሰመመን አማካይነት ያለ ሥቃይ ቀዶ ጥገና እንደሚቻል በአደባባይ ያሳየው በዚያችው ከተማ፣ በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም በዚያው ሆስፒታል የሰመመን ክፍል አለቃ፣ በሃርቫርድም ፕሮፌሰር የነበረው ሄንሪ ቢቸር፣ የገዛ ሙያውን ኅሊና የሚፈትን ሥራ ሠራ። በ1966 በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ በሰዎች ላይ የተደረጉ 22 የምርምር ሥራዎችን ዘርዝሮ፣ ሕሙማኑ ፈቃዳቸውን ሳይሰጡ፣ አንዳንዶቹም በላያቸው ምርምር መደረጉን እንኳ ሳያውቁ ለአደጋ ተጋልጠው እንደ ነበረ አሳየ። ከእነዚህም መካከል የአእምሮ ዝግመት ባለባቸው ሕፃናት ላይ የጉበት በሽታ ተዋሕስያን የተሰጡበት፣ በአንድ የብሩክሊን ሆስፒታል ለተኙ አረጋውያንም የካንሰር ሕዋሳት በመርፌ የተወጉበት ምርምር ይገኝ ነበር።

ቢቸር የመርማሪዎቹን ስም አልጠቀሰም፤ የፈለገው አንድን ሰው ለማዋረድ ሳይሆን የሙያውን ልማድ ለመግለጥ ነበርና። ልብን የሚያስደነግጠው ግን ማስረጃውን ከየት እንዳገኘው ማወቅ ነው። ቢቸር እንደ ሱዛን ዊለር በምድር ቤት አልዳኸም፣ የተቆለፈ በር አልሰበረም፤ ምሳሌዎቹን የሰበሰበው በአብዛኛው ሐኪሞች ሁሉ ከሚያነቡአቸው፣ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ከተደረደሩ የተከበሩ መጽሔቶች ነው። በደሉ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ተነብቦ ነበረ፤ ነገር ግን በደል ነው ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም።

በፊልሙና በእውነተኛው ዓለም መካከል ያለው ዋናው ልዩነት በዚህ ላይ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክርም ከአላባማ ግዛት የመጣው ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 ጀምሮ በቱስኪጊ አካባቢ የሚኖሩ 600 ጥቁር ወንዶችን፣ ማለት 399 የቂጥኝ ሕመም ያለባቸውንና 201 የሌለባቸውን መዝግቦ፣ ሕመሙ ሳይታከም በሰው ገላ ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት እስከ ሞት ድረስ ይከታተል ነበር። ሰዎቹ የሚታከሙ መስሏቸው «መጥፎ ደም» አለባችሁ እየተባሉ ይመላለሱ ነበር፤ ፔኒሲሊን በ1940ዎቹ የታወቀ የቂጥኝ መድኃኒት ከሆነ በኋላም ተነፈጋቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ከ1936 ጀምሮ ስለዚሁ ምርምር በየጊዜው በሕክምና መጽሔቶች ላይ ይጻፍ ነበር። ፒተር በክስተን የተባለ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ደጋግሞ ተቃውሞውን አቅርቦ ሰሚ ባጣ ጊዜ ነገሩን ለጋዜጠኞች ነግሮ፣ በሐምሌ 1972 በአሶሺየትድ ፕሬስ አማካይነት በሀገሩ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ማንም አላስቆመውም። ፊልሙን በ1978 ለመመልከት ወደ አዳራሽ የገባው አሜሪካዊ ይህን ዜና ከሰማ ገና ስድስት ዓመቱ ነበረ፤ ስለዚህ ነጭ ካፖርት የለበሰው ባለሥልጣን ክፉ ሆኖ ሲገኝ ማመን አላስቸገረውም።

ሌላም ፍርሃት ነበረ። ቢቸር ራሱ የመራው የሃርቫርድ ጉባኤ በነሐሴ 1968 ባወጣው መግለጫ፣ አንጎሉ ፈጽሞ ሥራውን ያቆመ ሰው ልቡ በመሣሪያ ኃይል ቢመታም እንደ ሞተ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረበ፤ ይህም ያስፈለገው በአንድ በኩል ተስፋ የሌለውን ሕመምተኛና ቤተ ዘመዱን ከከንቱ ድካም ለማሳረፍ፣ በሌላ በኩል ለንቅለ ተከላ የሚሆኑ የአካል ክፍሎችን በማግኘት ረገድ የሚነሣውን ክርክር ለማስወገድ መሆኑን ገለጠ። ከዚህ በኋላ በ1975 ካረን ኩዊንላን የተባለች የኒው ጀርሲ ወጣት ኮማ ውስጥ ወድቃ፣ ወላጆቿ የመተንፈሻው መሣሪያ እንዲነሣላት እስከ ግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግተው በ1976 ስለ ተፈረደላቸው፣ ሕያው ማነው፣ ሙትስ ማነው የሚለው ጥያቄ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ በየቤቱ ማዕድ ላይ ተቀመጠ። ሰውን እጅግ ያስጨነቀው «መሞቴን የሚመሰክረው ሐኪም ኩላሊቴን የሚፈልገው ሐኪም ቢሆንስ?» የሚለው ሐሳብ ነበር። የሃርቫርድ ጉባኤም ይህን ተመልክቶ ሞትን የሚመሰክሩት ሐኪሞች በንቅለ ተከላው ሥራ የሌሉበት እንዲሆኑ አስጠንቅቆ ነበር። «ኮማ» የሚያሳየው ይህ አጥር የፈረሰበትን ዓለም ነው፤ ሕሙማኑን የሚመርጥ፣ የሚያደነዝዝ፣ ሙታን ብሎ የሚቈጥርና የሚሸጥ አንድ እጅ የሆነበትን።

እዚህ ላይ ፊልሙ በወጣበት ዓመት ይፋ የሆነ፣ በዚያችው በቦስተን ከተማ የተፈጸመ አንድ እውነተኛ ምርመራ መጠቀስ አለበት። በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጄፍሪ ኩፐር ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ 47 የሰመመን ሐኪሞችን እየጠየቀ፣ በሥራቸው ላይ ያጋጠማቸውን ሊወገድ ይችል የነበረ አደጋ ሁሉ እንዲናገሩ አደረገ፤ 359 አደጋዎችንም ሰብስቦ በታኅሣሥ 1978 አሳተመ። የሱዛን ዊለርን ጥያቄ በእውነተኛው ዓለም የጠየቁት እነዚህ ሰዎች ናቸው ብንል እውነት ነው፤ ያገኙት መልስ ግን ሌላ ሆነ። ገዳይ አላገኙም፤ ወደ ስምንተኛው ክፍል የሚገባ ምሥጢራዊ ቱቦም አላገኙም። ከአደጋዎቹ 82 በመቶው የመጣው ከሰው ስሕተት ነበር፦ ከቦታው የተነቀለ የመተንፈሻ ቱቦ፣ በሌላ መድኃኒት ፈንታ የተሰጠ መርፌ፣ ሳይታወቅ የተዘጋ ጋዝ፣ የድካም፣ የችኮላና የሐኪሞች አለመነጋገር ፍሬ። ይህ ግኝት ከፊልሙ ይልቅ የሚያስፈራ ቢመስልም ከፊልሙ ይልቅ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ስሕተት በታወቀ ጊዜ መድኃኒት አለውና። በ1985 የሰመመን ሕሙማን ደኅንነት ድርጅት ተቋቋመ፤ የሃርቫርድ ሆስፒታሎችም በሰመመን ላይ ያለ ሰው በምን በምን ዘዴ ሳይቋረጥ መጠበቅ እንዳለበት ሕግ አውጥተው በ1986 አሳተሙ፤ ያም ሕግ ወደ ሌሎች ሀገሮች ተሰራጨ። አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲሉ ስለ ታማሚው ተናገሩ፤ ቃላቸው ግን በሆስፒታልም ላይ ይሠራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ፊልሙ ፍጻሜ ብንመለስ፣ ዶክተር ሃሪስ ለሱዛን የሚናገረው ንግግር ከተንጠለጠሉት አካላት ይልቅ የሚያስደነግጥ ሆኖ እናገኘዋለን። ሃሪስ የገንዘብ ፍቅሩን አይናዘዝም፤ የሚናገረው ስለ ሕክምና ታላቅነት፣ ሕዝብና ሕግ አውጪዎች ሊወስኑት ስላልቻሉት የሕይወትና የሞት ጥያቄ፣ በዚህም ምክንያት ውሳኔው በሐኪሞች ትከሻ ላይ ስለ መውደቁ ነው። ይህን እየተናገረ ያጠጣት መጠጥ ትርፍ አንጀት እንደ ያዘው ሰው ያደርጋታል፤ ራሱ ሊቀድዳትም ወደ ስምንተኛው ክፍል ያስገባታል፤ የምትድነውም ያ ስለ ሹመቱ ይጨነቅ የነበረው ወጣት ሐኪም በመጨረሻው ሰዓት አምኗት ቱቦውን ስለ ሰበረው ነው። ደራስያኑ በሃሪስ አንደበት ያስቀመጡት ምክንያት የልብ ወለድ ፈጠራ ብቻ አይደለም። የቱስኪጊ መርማሪዎችም ለሳይንስ ጥቅም እንደሚሠሩ ያምኑ ነበር፤ ቢቸር የዘረዘራቸውም ሥራዎች የወጡት ከከበሩ ተቋማት ነው። ለብዙዎች ጥቅም ሲባል ጥቂቶች ሳይጠየቁ ይሠዉ የሚለው ሐሳብ በክፉዎች ልብ ብቻ የሚያድር ቢሆን ኖሮ ጥንቃቄው ቀላል በሆነ ነበር፤ በደጋጎችና በሊቃውንት ልብም ስለሚያድር ግን ሕግ አስፈለገ።

ሕጉም ቀስ በቀስ መጣ። የቱስኪጊው ነገር ከተገለጠ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1974 የምርምር ሕግ አውጥቶ፣ በመንግሥት ገንዘብ እየተደገፈ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር አስቀድሞ በገለልተኛ ጉባኤ እንዲመረመር አዘዘ፤ በዚያው ሕግ የተቋቋመውም ኮሚሽን በ1979 ቤልሞንት በተባለው መግለጫው ሰውን ማክበርን፣ በጎ ማድረግንና ፍትሕን የምርምር ሁሉ መሠረት አድርጎ አጸናቸው። በ1983 አንድ የቨርጂኒያ ሐኪም ኩላሊት የሚሸጥና የሚገዛ ድርጅት ለመክፈት ባሰበ ጊዜም፣ ምክር ቤቱ በሚቀጥለው ዓመት ባወጣው የንቅለ ተከላ ሕግ የሰውን አካል መሸጥን ከልክሎ፣ ሕጉን የተላለፈ እስከ 50,000 ዶላር መቀጮና እስከ 5 ዓመት እስራት እንዲቀጣ ወሰነ። በ1978 በጄፈርሰን ተቋም ስልኮች ላይ የተሰማው ጨረታ ከስድስት ዓመት በኋላ በስም የተጠራ ወንጀል ሆነ።

እንግዲህ «ኮማ» የሚያስተምረው ምንድር ነው? ፊልሙ ክፋት ሁልጊዜ በምሥጢር የሚሠራ፣ አንድ ጀግና ምሥጢሩን ከገለጠ የሚያበቃ አስመስሎ ማቅረቡ ደካማ ጎኑ ነው፤ ይህን ብቻ የያዘ ሰው ሐኪሙን ሁሉ ጠላት፣ ሆስፒታሉን ሁሉ ወጥመድ አድርጎ ሊያይ፣ ከሚያድነው መድኃኒትና ከሚያስፈልገው ምርምርም ሊሸሽ ይችላል። ያ ሽሽት ራሱ ይገድላል። ብርቱ ጎኑ ግን አንዲት የበታች ሐኪም መዝገብ ስለ ጠየቀች፣ የሚቈጠረውንም ስለ ቈጠረች ታላላቆቹ ሁሉ መንቀጥቀጣቸውን ማሳየቱ ነው። ቢቸርም፣ በክስተንም፣ ኩፐርም በየራሳቸው መንገድ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ሕሙማንን ያዳነውም የእነርሱ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም፣ ወይም ከቤተ ዘመዳችሁ አንዱ በሆስፒታል አልጋ ላይ በተኛችሁ ጊዜ የሚሰጣችሁ ሕክምና ምን እንደ ሆነ፣ ማን እንደሚሰጠው፣ ምርምርም ከሆነ ማን እንደ ፈቀደው ጠይቁ፤ የምትፈርሙትን ወረቀት ሳታነቡ፣ ማንበብ ባትችሉም ሳይነበብላችሁ አትፈርሙ። ሐኪሞችም፣ የሚጠይቃችሁን ሰው እንደ ተጠራጣሪ ሳይሆን እንደ ረዳት ቁጠሩት፤ መዝገባችሁንም ክፈቱለት። መዝገቡ የተከፈተበት ሆስፒታል ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱን ግን ያርማል። መዝገቡን የዘጋ ሆስፒታል፣ ሐኪሞቹ ቅዱሳን ቢሆኑ እንኳ፣ እምነት ሊጣልበት አይገባም።